ለጎረቤት የሚሆን የበዓል ስጦታ፦ ቤት ውስጥ በትንሽ ወጪ ከሚሠሩት የትኛው ይሻላል?

ምርጫው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ቁጥር ይታወቅ፦ የምታንኳኩት በር ብዛትና ለበዓሉ የቀረው ቀን። ብዙ ሰው «ምን ያምራል?» ብሎ ይጀምርና በዋዜማው ሲያሽግ ያድራል፤ አለዚያም ለአምስት ጎረቤት ያሰበው ሦስተኛው ላይ ያልቅበታል። ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ቤተሰቡ የምታውቁት ነገር ነው። ለውዝ የማይስማማው ልጅ አለ? ወተትና እንቁላል የማይበሉ ናቸው? ድመት ያሳድጋሉ? ጎረቤት ከዘመድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ በየቀኑ ሰላም ትባባላላችሁ፣ ጓዳውን ግን አታውቁትም። ስለዚህ እኛ ሁልጊዜ የምናስቀድመው ትንሽ፣ ቶሎ የሚያልቅና ውስጡ ያለው ሁሉ ተጽፎ የሚታወቅ ስጦታ ነው።

በቀረው ቀን ስንለየው እንዲህ ነው። ሁለት ወር ካላችሁ ሥር የሰደደ ተክል ይደርስላችኋል፤ በወጪም የሚወዳደረው የለም። ሦስት ሳምንት ካለ ሻማ ይቻላል፤ ሰሙ ከፈሰሰ በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ማረፍ ስላለበት ከዚያ ባነሰ ጊዜ ባትጀምሩት ይሻላል። አንድ ሳምንት ከቀረ የቅጠል ጨው፣ የካካዎ ድብልቅ ወይም የስኳር ስክራብ (ገላ የሚታሽበት የስኳርና የዘይት ልውስ) ያዙ። ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ ብስኩት። ብስኩት ቀድሞ በተሠራ ቁጥር ጣዕሙ ስለሚቀንስ፣ የጊዜው ማጠር ለእሱ እንዲያውም ይስማማዋል።

መጀመሪያ ዕቃው

ጨው፣ ስኳርና ዱቄት ርካሽ ናቸው። ገንዘቡን የሚበላው አዲስ ብልቃጥ፣ ሪባንና ሳጥን ነው። የማር፣ የማርማላታና የቡና ብልቃጥ ከወራት በፊት ጀምሮ የሚያጠራቅም ሰው ግማሹን ወጪ አስቀርቷል። ወረቀቱን ለማንሳት ብልቃጡን የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በገባበት ሙቅ ውኃ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ወረቀቱ ለቆ ሙጫው ከቀረ፣ የምግብ ዘይትና ቤኪንግ ሶዳ እኩል በእኩል አሽታችሁ ቀቡትና ከ15 ደቂቃ በኋላ በሻካራ ስፖንጅ አስለቅቁት።

ክዳኑን አሽትቱት። ኮምጣጣ ወይም ነጭ ሽንኩርት የነበረበት ብልቃጥ ብርጭቆው ቢጠራም፣ ክዳኑ ውስጥ ያለው የላስቲክ ቀለበት ሽታውን ይዞ ይቀራል። በማግስቱ ካካዎው ሁሉ ይሸታል። እንዲህ ያለውን ክዳን ለሻማ ወይም ለተክል ተዉት። የታጠበ ብልቃጥ ደግሞ ክዳኑ ሳይገጠም ሌሊቱን ሙሉ በንጹሕ ፎጣ ላይ አፉ ተደፍቶ ይደር፤ ለዓይን የደረቀ የሚመስል ብልቃጥ ጠብታ ሲኖርበት ደረቅ ድብልቅን ያጓጉላል።

የቅጠል ጨው ወይስ ብስኩት?

ከምግብ ነክ ስጦታዎች ብዙውን ጊዜ የሚያመራምሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ጎረቤቶቻችሁ ከስድስት በላይ ከሆኑ ወይም አመጋገባቸውን ካላወቃችሁ የቅጠል ጨው ምረጡ። ወተት የለበትም፣ እንቁላል የለበትም፣ ስንዴ የለበትም፤ ከምግብ ሁሉ ጥቂት ሰው ብቻ የሚከለከለው እሱ ነው። ቤቱ ውስጥ ጨው እንዲቀንስ በሐኪም የታዘዘ ሰው መኖሩን ካወቃችሁ ግን ሌላ አስቡ።

ለስምንት ሰው የሚበቃው 500 ግራም ደቃቅ ያልሆነ ጨው፣ 40 ግራም ከግንዱ የተመለመለ እርጥብ የጥብስ ቅጠልና የሁለት ሎሚ ቢጫ ልጣጭ ነው። ልጣጩን ስትፍቁ ነጩ ጋ ስትደርሱ አቁሙ፤ እሱ ይመራል። ቅጠሉንና ልጣጩን ከጨው ሩቡ ጋር አድርጋችሁ ክተፉ ወይም ፍጩ። ጨው አብሮ መግባቱ ሁለት ጥቅም አለው፦ እንደ አሸዋ ሆኖ ቅጠሉን ያደቅቀዋል፣ እርጥበቱንም ይስበዋል። ከዚያ የቀረውን ጨው ቀላቅሉና በትሪ ላይ በስሱ ዘርጉት። ኦቨን ካለ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ በሩን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ፣ መሀል ላይ አንዴ እያገላበጣችሁ አድርቁት። ኦቨን ከሌለ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል።

እዚህ የሚበላሸው ሁሉ የሚመጣው ከጥድፊያ ነው። ሙቀቱን ከፍ ካደረጋችሁት ቅጠሉ ይጠቁርና የተቃጠለ ሣር ይሸታል። ሳይደርቅ ካሸጋችሁት በሦስት ቀን ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ማንኪያ ብልቃጥ ውስጥ ከድናችሁ አሳድሩና ጠዋት እዩት፤ ብርጭቆው ጉም ከለበሰ ወይም ጨው ከተያያዘ ወደ ኦቨን መልሱት። በጣም ደቃቅ የገበታ ጨው አትጠቀሙ፤ ቶሎ ይጋገራል፣ ቅጠሉም ተለይቶ ከላይ ይቀራል። ለአንድ ቤት 60 ግራም በቂ ነው፤ በትንሽ ብልቃጥ ይገባል። ጨዉ ራሱ አይበላሽም፤ መዓዛው ግን የሚጥመው እስከ ስድስት ወር ነው።

ብስኩት ደግሞ ሞቅ ያለ ስጦታ ነው፤ ሰው ተቀብሎ በሩን ሳይዘጋ ይቀምሰዋል። ለአራትና ለአምስት ቤት ከሆነ እኛም የምንመርጠው እሱን ነው። በቃል የሚያዝ ልክ አለው፦ በክብደት 1 ስኳር፣ 2 የገበታ ቅቤ፣ 3 የስንዴ ዱቄት። 100፣ 200 እና 300 ግራም ማለት ነው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት። እንቁላልም እርሾም አይገባውም፤ የሚሳሳተው ሰው ጥቂት የሆነው ለዚህ ነው።

ቅቤው ጣት ሲጫነው የሚሰረጉድ ነገር ግን ያላብረቀረቀ ይሁን። የቀለጠ ቅቤ ካደረጋችሁ ብስኩቱ ትሪው ላይ ይዘረጋና እርስ በርሱ ይጣበቃል። ቅቤውንና ስኳሩን ምቱ፣ ዱቄቱንና ጨውን ጨምሩ፣ ሊጡ እንደተያያዘ እጃችሁን አንሱ። ብዙ ከታሸ ብስኩቱ ይደርቃል፣ ሲነከስም አይፈረፈርም። በ4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ጠቅልላችሁ አንድ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ በ8 ሚሊ ሜትር ቁረጡት። በ160 ዲግሪ ከ18 እስከ 22 ደቂቃ ይጋገራል። መሀሉ ነጣ ብሎ ጠርዙ ብቻ ወርቅማ ሲሆን ይወጣል፤ ትኩሱ ላይ ለስላሳ ቢመስላችሁ አትመልሱት፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ከዚህ ልክ 45 ያህል ይወጣል፤ ለአምስት ቤት ዘጠኝ ዘጠኝ።

ትልቁ ጥፋት የሚሠራው ከኦቨን ከወጣ በኋላ ነው። ለብ እያለ የታሸገ ብስኩት በራሱ እንፋሎት ይርሳል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት በሽቦ ላይ ይቀዝቅዝ። ከኬክ ወይም ከለስላሳ ብስኩት ጋር በአንድ ሳጥን አታድርጉት፤ እርጥበቱን አጠገቡ ካለው ይስብና በአንድ ሌሊት ሁለቱም ይበላሻሉ፦ ለስላሳው ይደርቃል፣ ደረቁ ይለሰልሳል። በደንብ ከተከደነ ከአስር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ጊዜ የሚያጥራችሁ ከሆነ የተጠቀለለውን ሊጥ ከሳምንታት በፊት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡና በዋዜማው ቆርጣችሁ ጋግሩ።

የሚበጠበጥና የሚቆረጠም

የካካዎ ድብልቅ እሳት አያስፈልገውም፤ ልጆችም ሊሠሩት ይችላሉ። 100 ግራም ካካዎ፣ 200 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ 200 ግራም የዱቄት ወተት፣ አንድ ቁንጥጫ ጨው። ሁሉንም ሁለት ጊዜ ንፉት። ካልተነፋ ካካዎው ሙቅ ውኃ ላይ ሲደርስ እንክብል ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ጎረቤት ደግሞ ጥፋቱን የራሱ ያደርገዋል። ድብልቁ ባለ 500 ሚሊ ሊትር ሁለት ብልቃጥ ይሞላል፤ እያንዳንዱ ሰባት ኩባያ ያህል ይወጣዋል። መለያው ላይ «35 ግራም፣ ማለትም አራት የሞላ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ለ200 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውኃ» ብላችሁ ጻፉ።

በቀለም በቀለም የተደረደረ ብልቃጥ መስጠት የምትወዱ ሰዎች ደቃቁን ከታች አድርጋችሁ ጠቅጥቁት፣ ሻካራውን ከላይ። ከተገላበጠ ዱቄቱ በጥራጥሬው ክፍተት እየሾለከ ይወርዳል፤ ጎረቤት ቤት እስኪደርስ መስመሩ ሁሉ ይደበላለቃል። የሾርባ ድብልቅ ከሆነ አብረው የሚበስሉትን ብቻ አንድ ላይ አድርጉ። ክክ ምስር በ20 ደቂቃ ይፈርሳል፤ ባቄላና አደንጓሬ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋሉ። ቀይ ቦሎቄ ካለበት መዘፍዘፍና ቢያንስ 10 ደቂቃ መንተክተክ እንዳለበት በግልጽ ይጻፍ፤ በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ያስመልሳል።

በቀረፋና በስኳር የተለበጠ ለውዝ ከሁሉም ይጣፍጣል፤ ዋጋው ግን ከሁሉም ይወደዳል፣ በአለርጂም የሚያሰጋው እሱ ነው። የቤተሰቡን ሁኔታ እርግጠኛ ለሆናችሁባቸው ሁለት ሦስት ቤቶች ብቻ አድርጉት። የአንድ እንቁላል ነጩን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጋር አረፋ እስኪያወጣ ምቱ፤ 450 ግራም ለውዝ፣ 150 ግራም ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቀረፋና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ለውሱበት። በ120 ዲግሪ አንድ ሰዓት፣ በየ15 ደቂቃው እያማሰላችሁ። ለማፋጠን ሙቀቱን መጨመር ስኳሩን ያሳርረዋል፤ ለውዙ ግን ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል።

ሻማ፦ ለብዙ ሰው ከሆነ ብቻ

ሻማ መሥራት ርካሽ ነው ሲባል የሚረሳው መነሻው ነው። ቴርሞሜትር፣ ሚዛን፣ ማቅለጫ ዕቃ፣ የክር ጥቅልና የመዓዛ ዘይት ለሁለት ሻማም ለሃያ ሻማም ያው አንዴ ይገዛሉ። ከስምንት በታች ለሆነ ጎረቤት አያዋጣም። ከስምንት በላይ ከሆነና ጊዜው ካላችሁ ግን እያንዳንዱ ሻማ ከማንኛውም የምግብ ስጦታ በላይ ይቆያል።

ለስምንት፣ 200 ሚሊ ሊትር ለሚይዙ ብልቃጦች፣ 150 ግራም በነፍስ ወከፍ ሲሰላ 1.2 ኪሎ የአኩሪ አተር ሰም ይበቃል። መዓዛው ከሰሙ ክብደት 6 በመቶ፣ ማለትም 72 ግራም ነው። ከዚህ አብዝቶ መጨመር ሽታ አይጨምርም፤ ሰሙ ያልያዘው ዘይት ከላይ ያልበዋል፣ ክሩንም ያፍነዋል።

ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አታድርጉ። ውኃ በፈላበት ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ አስቀምጣችሁ አቅልጡት። 80 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት፣ መዓዛውን ጨምሩ፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ በዝግታ አማስሉ፤ በችኮላ ከተማሰለ ዘይቱ ወደ ታች ይዘቅጥና ሻማው መጨረሻው ላይ ብቻ ይሸታል። ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ቀድሞ ክሩ መሀሉ ላይ ወደተጣበቀበት ብልቃጥ አፍስሱ። ክሩ እንዳይጋደም በሁለት እንጨት አጣብቁትና እንጨቶቹን የብልቃጡ አፍ ላይ አጋድሟቸው። ሰም እሳት ከያዘ ውኃ አይደፋበትም፤ ክዳን ከድናችሁ እሳቱን አጥፉ። የተረፈ ሰምም ቧንቧ ውስጥ አይፈስስም፤ ይረጋና ይደፍነዋል።

የሻማ ጥራት የሚወሰነው በክሩ ውፍረት ነው። ክሩ ከቀጠነ እሳቱ መሀሉን ብቻ እየቆፈረ ይወርዳል፣ ዳሩ ሳይቀልጥ ይቀራል። ከወፈረ ነበልባሉ ይዘልላል፣ ያጨሳል፣ ብልቃጡንም ከመጠን በላይ ያግለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ብቻ ሠርታችሁ ካረፈ በኋላ አብሩት። 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ብልቃጥ ላይ በሦስት ሰዓት ውስጥ የቀለጠው ሰም ዳር ከነካ ክሩ ልክ ነው፤ የቀሩትን ሰባት በዚያ ክር ሥሩ። ከላይ የሚታይ ነጭ ሽፍታ የአኩሪ አተር ሰም ባሕርይ ነው፣ ሻማውን አይጎዳውም። ለማሳመር የደረቀ አበባ ሰሙ ላይ መበተን የተለመደ ነው፤ አታድርጉት፣ አበባው ራሱ እሳት ይይዛል። የተሰነጠቀ ወይም በጣም ስስ ብርጭቆም አይሆንም።

ለገላ የሚሆኑ

የስኳር ስክራብ በ15 ደቂቃ ያልቃል። ሁለት ኩባያ ስኳር፣ ማለትም 400 ግራም ያህል፣ ከ240 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወይም ሌላ ቀላል ዘይት ጋር ይለወሳል፤ 120 ሚሊ ሊትር የሚይዙ አራት ብልቃጦች ይሞላል። መዓዛ ከፈለጋችሁ ለዚህ ሁሉ 3 ሚሊ ሊትር የላቬንደር ዘይት ይበቃል። ከልጣጩ ተጨምቆ የወጣ የሎሚ ዘይት ገላ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚያቃጥል ይቅር። ውኃ፣ የፍራፍሬ ጭማቂ ወይም እርጥብ ቅጠል አንዲት ማንኪያ እንኳ አይግባበት፤ ያለ ውኃ ሻጋታ አይበቅልም፣ ውኃ ሲገባ ግን ይበቅላል። ቫይታሚን ኢ ዘይቱ ቶሎ እንዳይሰነፍጥ ይረዳል፤ ጀርም ግን አይከላከልም። መለያው ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ በደረቅ ማንኪያ ይወሰድ፣ በሁለት ወር ይለቅ፣ የመታጠቢያውን ወለል ስለሚያንሸራትት ይታጠብ።

ሳሙና ለሚመርጡ ተቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የሚፈስስ ዝግጁ ሳሙና ቀላሉ መንገድ ነው። ውስጡ ያለው ግሊሰሪን ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ከቅርጹ እንደወጣ በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፤ ካልተጠቀለለ ላብ ያወጣል። ከዘይትና ከኮስቲክ ሶዳ የሚሠራው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይከርማል፣ መነጽርና ጓንትም ይፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው የመጀመሪያውን ሥራውን ለጎረቤት አይስጥ።

ተክል

ቤታችሁ አንድ ጤናማ ተክል ካለ ስጦታው በነፃ ነው። ስፓይደር ፕላንት የሚባለው የቤት ተክል ራሱ ትንንሽ ችግኝ አንጠልጥሎ ያወጣል፤ ቆርጣችሁ ውኃ ውስጥ ብታስቀምጡት በሁለት ሳምንት ሥር ይሰድዳል። ናናና ፖቶስ የሚባለው ተንጠልጣይ የቤት ተክልም እንዲሁ ናቸው፤ ከአንጓው ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ፣ ሥሩ የሚወጣው ከአንጓው ነውና። ውኃ ውስጥ የሚጠልቅ ቅጠል አንሱ፣ ይበሰብሳል። ውኃውን በየሦስት አራት ቀኑ ቀይሩ። ከሚያስፈልጋችሁ በግማሽ አብልጣችሁ ቁረጡ፤ ለስድስት ጎረቤት ዘጠኝ።

ሥሩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ወደ አፈር ይግባ። «ይበርታ» ብሎ ማቆየት ይጎዳዋል፤ ውኃ ውስጥ የረዘመ ሥር አፈር አይለምድም። ቆርቆሮ ጣሳ ከተጠቀማችሁ ታቹን በምስማር አራት ቦታ ብሱት፤ ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ተክሉን የሚያሰጥመው ተቀባዩ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ ከመስጠታችሁ በፊት አራት ሳምንት ያህል እናንተ ጋ ይቆይ፤ አዲስ ቅጠል ካወጣ ይዟል ማለት ነው። ድመትና ውሻ ላለበት ቤት ስፓይደር ፕላንት ስጡ፤ ፖቶስ ሲበሉት አፋቸውን ያቃጥላቸዋል፣ ያስመልሳቸዋልም።

ስጦታ የማይሆኑ

ነጭ ሽንኩርት ወይም እርጥብ ቅጠል የተዘፈዘፈበት ዘይት ሲያዩት ያምራል፤ ነገር ግን በፍጹም አይሰጥም። አየር በሌለበት፣ አሲድ በሌለው ዘይት ውስጥ፣ በክፍል ሙቀት፣ የቦቱሊዝም ተሕዋስ መርዙን ያመርታል፤ መርዙ አይሸትም፣ ጣዕምም አይለውጥም፣ ሰው ግን ይገድላል። ቤት የታሸገ አትክልትም ያው ነው። የቅጠል መዓዛ ያለው ፈሳሽ መስጠት የሚፈልግ ሰው ኮምጣጤ ውስጥ ያድርገው፤ አሲዱ ተሕዋሱ እንዳያድግ ይከለክለዋል። ማር ወይም ማር የገባበት ነገር ስትሰጡ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንዳይቀመስ ጻፉበት።

መለያውና አሰጣጡ

መለያ ወረቀቱ ላይ የገባው ነገር ሁሉ፣ የተሠራበት ቀን፣ የሚቆይበት ጊዜና አጠቃቀሙ ይስፈር። ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ለውዝና ሰሊጥ ካለ በጉልህ ይጻፍ፤ ለውዝ በተሠራበት ትሪ ላይ ብስኩት ከጋገራችሁም ብስኩቱ ላይ ጭምር። በእርሳስ ወይም በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉ፣ የዘይት ጠብታ ቀለሙን ያጠፋዋልና። ወረቀቱን በክር አንገቱ ላይ እሰሩት እንጂ በሙጫ አትለጥፉት፤ ተቀባዩ ብልቃጡን መልሶ ሊጠቀምበት ይችላል። ብስኩትና ለውዝ ሰው በሌለበት በር ላይ አይቀመጥ፤ ጉንዳን ይቀድማል። ጎረቤት ከሌለ ጨዉንና ሻማውን ጥላ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል። ተክሉና ብስኩቱ ግን እስኪመለሱ እናንተው ጋ ይቆዩ።